ከነክርስትና ስሙ የሚፈለግ ሠራተኛ

የካቲት ፯ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓመተ ምሕረት። በመዘዞ ማረሻ የሚሠራ ሰው የለም።

ለክቡር አዛዥ ወርቅአገኘሁ፣ የአንኮበር የጦር ዕቃ ግምጃ ቤት ሹም፤

ጤናዎ እንደ ግምጃ ቤትዎ በር የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ዘበኞችዎ እንቅልፍ የጠለቀ ይሁን እያልሁ፣ እጅ ነሥቼ ይህን ደብዳቤ አቀርባለሁ። እኔ የመዘዞው ደብተራ ዘርአ ዳዊት ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ዳዊት ስጽፍና ልጆች ሳስተምር ኖሬ፣ ከአሥር ቀን ወዲህ በእርስዎ ትእዛዝ የግምጃ ቤቱ ስም ጸሐፊ ሆኛለሁ። ይህንንም የምጽፈው በራስዎ ወረቀት፣ በራስዎ ቀለም፣ ከእንደራሴዎ አጠገብ ተቀምጬ ነው። እርሱ ስም የምጽፍ መስሎታል።

ድሀ ልጁን ምን ሥራ እንደሚያስተምር ግራ ገብቶት በሚኖርበት አገር፣ ባለፈው ጥር በደብረ ብርሃን ገበያ ነጋሪት አስመትተው በጌቶች ዘንድ የሚፈለገውን የእጅ ሥራ አንድ በአንድ ስላሳወቁን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ብረት ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ድንኳን ሰፊ፣ በቅሎ ጫኝ፣ ወጌሻ ተባለ። ስለ ጦርነት አንድ ቃል አልተነገረም። እስከ በቅሎ ጫኝ ድረስ ወንዶቹ ሥራ መጣ እያሉ ይሳሳቁ ነበር፤ ወጌሻ ሲባል ግን ሴቶቹ ያልሸጡትን እህል ወደ ስልቻው መመለስ ጀመሩ። ገበያው በቀትር ተበተነ።

ጊዜዎን እንዳልሻማ ነገሬን በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩ኛ፤ ቀጥቃጩን ይሁኔን ከመዘዞ ስለወሰዱልን አመሰግናለሁ። ይህ ሰው እስከ ጥር ድረስ ቡዳ ነበር። ማረሻውን ተቀብለን በዋንጫው የማንጠጣ፣ ልጆቻችን በደጁ ሲያልፉ ፊታቸውን በነጠላ የምንሸፍን ሰዎች ነን፤ እኔም ጭምር። እርስዎ ግን በአንድ ቀን ነጋሪት ጥበበኛ አደረጉት፤ በቅሎም ላኩለት። ሚስቱ ደመቀች በቅሎዋን ደጇ ላይ ስታይ አለቀሰች። እኔ የክብር እንባ መስሎኝ ነበር።

፪ኛ፤ የበልጉ ዝናብ ሳያስፈቅድዎ ጥሏል፤ ለዚህ ድፍረቱ በመዘዞ ገበሬ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። መሬቱ ርሷል፤ በሬዎቹም ለጊዜው በእግራቸው ቆመዋል፤ ለጊዜው ማለቴ ከቆላ የመጡ ነጋዴዎች በበሬ ላይ ስለገባ በሽታ የሚያወሩትን ሰምቼ ነው። የጎደለው ማረሻ ነው። ሰው ያለቀ ማረሻውን ተሸክሞ በይሁኔ ደጅ ይቆማል፤ ጥቂት ቆሞም ይመለሳል። ደመቀች እንደ ወትሮው ወናፏን ትነፋለች። ወደ እርስዎ ስመጣ መንገድ ድረስ ሸኝታኝ እንዲህ አለችኝ፤ «የኔታ፣ እሳቱን አላጠፋሁትም በሉት። ለበልግ ካልደረሰ ግን አጠፋዋለሁ፤ የማነድደው ከሰል የለኝም።» ለይሁኔ ነግሬዋለሁ። አሁን ደግሞ ለሚመለከተው እየነገርሁ ነው።

፫ኛ፤ ማረሻ ሠሪውን ወስደው ማረሻውን ቢተዉ ሥራው ግማሽ ይሆን ነበር። እርስዎ ግን ብረት ያለው ሁሉ ብረቱን ያግባ ብለው ግማሽ እንዳይቀር አድርገዋል። በግምጃ ቤቱ ከተከመረው ብረት ከአራቱ ሦስቱ ማረሻ ነው። ባለፈው ሰኞ ይሁኔ ለጦር የሚሆነውን ሲመርጥ አንዱን አንሥቶ አገላበጠና፣ አምና በገዛ እጁ ለመዘዞ ሰው የሠራው መሆኑን በመዶሻው ምት ለየው። እሳት ውስጥ ከተተው።

፬ኛ፤ ወጌሻው ወልደአረጋይ ሰባ ዓመት አልፎታል። መራመድ ስለማይችል በቃሬዛ ያስመጡት ሰው ነው፤ ይህን ያህል የሚፈለግ ባለሙያ በዕድሜዬ አላየሁም። ትናንት ሽማግሌው እንደራሴዎን ይዞ፣ «ጌታዬ፣ አሥር ቀን ቀለባችሁኝ፤ አንድ የወለቀ ጣት እንኳ አላሳያችሁኝም፤ ለምን ጠራችሁኝ?» ቢለው፣ እንደራሴዎ ዝናሩን እያጠበቀ፣ «ታገሥ፣ ይመጣልሃል» አለው። አብረን የነበርነው ሳቅን። ሽማግሌው አልሳቀም።

፭ኛ፤ በነጋሪት ያልተጠራው የእኔ ሥራ ነው። ቤቴ ድረስ በመጣ ደብዳቤ ተጠራሁ፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ወንበሩ ላይ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው። የታዘዝሁት የሠራተኛውን ሁሉ ስም ከነክርስትና ስሙ እንድጽፍ ነው። እርስዎም እንደሚያውቁት የእኛ አገር ሰው የክርስትና ስሙን መተተኛ ይሰማብኛል ብሎ ይደብቃል፤ ጎረቤቱ ሳያውቀው ይኖራል። በዚያ ስም የሚጠራው ካህን ነው፤ ሲያቆርበው፣ በመጨረሻም ሲፈታው። እንደራሴዎን ስጠይቀው «ለቀለብ ነው፤ ጻፍ» አለኝ። ቀለብ በቁና ሲሰፈር አውቃለሁ፤ በክርስትና ስም ሲሰፈር ግን አላየሁም። ኋላ ከድንኳን ሰፊዎቹ እንደሰማሁት፣ ከሠራተኛው ጋር ፍትሐት የሚያደርሱ ሁለት ካህናት ታዘዋል፤ ዝርዝሩም የሚሰጠው ለእነርሱ ነው። ሰው ገና በእግሩ ቆሞ፣ ገና ምሳውን ሳይበላ፣ የሙታን ጸሎቱን ወረቀት ማዘጋጀትዎ በሌላ ሹም ዘንድ ያልታየ ጥንቃቄ ነው።

ዛሬ ጠዋት አርባ አንደኛው ይሁኔ ነበር። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ቀረበ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ገብረአማኑኤል» አለ። ከዚያም፣ «በዚህ ስም ስጠራ እኔ አልሰማም፤ አይደል፣ የኔታ?» አለኝ። የለም፣ ትሰማለህ ልለው ነበር። እንደራሴዎ ይመለከተን ስለነበር ጻፍሁት።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። ይሁኔ የበልጉ ዘር እስኪያልቅ ወደ መዘዞ ይመለስ። የሚሠራው ለአርባ ቤት የሚበቃ ማረሻ ነው፤ ከዚያ ይመለሳል፤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ይህ የማይሆን እንደሆነ ግን፣ ለሚቀጥለው ነጋሪት ከአሁኑ እንዲዘጋጁ በትሕትና አሳስባለሁ፤ በሐምሌ የሚፈለገው ሙያ ከዛሬው የተለየ ይሆናልና። በሐምሌ ቀጥቃጭም ሰፊም ጫኝም አይፈለግም። ጉድጓድ የሚቆፍር ይፈለጋል፤ እርሱም እህል የቀመሰ ክንድ ያለው ከተገኘ ነው።

የጌታዬን ጫማ ለመሳም ቁመቴ የማይመች፣ ደጃቸውን ለመጥናት ጊዜ የጠበበኝ፣ ነገር ግን በተጠራሁበት ሙያ እስከ ዛሬ ቀትር ድረስ ያለ ስሕተት ያገለገልሁ፣ ትሑት ባሪያዎ ደብተራ ዘርአ ዳዊት ዘመዘዞ።

የተረሳ፤ ዝርዝሩን ሥርዓት ለማስያዝ ብዬ የመጀመሪያውን መስመር ለእርስዎ የክርስትና ስም ባዶ ትቼው ነበር። እንደራሴዎን ብጠይቀው፣ አዛዥ ግምጃ ቤቱን ሊጠብቁ አንኮበር ይቀራሉ፤ ስማቸው አያስፈልግም አለኝ። መስመሩ እንደ ባዶነቱ አለ፤ ልብዎ ቢለወጥ ይሞላል። ይህን ደብዳቤ በጠረጴዛዎ ላይ ትቻለሁ፤ ሌላው ቅጂ በመዘዞ የቅዳሜ ገበያ ይነበባል። ዝርዝሩን አይፈልጉት፤ ከእኔ ጋር ነው። የአርባ አንዱ ሚስቶች ባሎቻቸው ምን እንደተጠየቁ ከእኔ ይስሙ፣ ከደመቀች እጀምራለሁ። እርስዎም ሌላ ስም ጸሐፊ ለማግኘት ነጋሪት ያስመቱ፤ ሥራው እጅግ ተፈላጊ ነው። አርባ ሁለተኛው ሰው ፊቴ ቆሞ ይጠብቃል። ቀለም አለቀብኝ ስለው እንደራሴዎ ከቤተ ክርስቲያን አምጣ ብሎ ልኮኛል፤ ቶሎ ተመለስም ብሎኛል። የቀለሙን ቀንድ ይዤ እየወጣሁ ነው።