ከአሕመዲን ቦርሳ የወጣው ድንጋይ

እየሩስዬ፣ እኛ ሰፈር ድንጋይ ለአጥር ነው፤ እዚህ ሐይቅ ከተማ ግን ለቅሶ ቤት መሐል ተቀምጦ ጠበቀኝ። አሕመዲን የሚባል እኩያዬን ወደ ጅቡቲ ሲሻገር አፋር በረሃ ላይ ውሃ ጥም ገደለው። ድንጋዩን ከነቦርሳው ያመጣው ጓደኛው ነው።

"ጀሪካኑን ጥሎ ይህን የሚያህል ሸክም የተሸከመው ምን ቢሆን ነው? የድንጋይ ትምህርት ተምረሃል አሉ፣ ንገረኛ" አሉኝ አባቱ ጋሽ ኑርዬ።

ከሰማይ የወደቀ ይሆናል ብዬ፣ አፍሬ ልንገርሽ፣ ልቤ ዘለለ። ሲኒ ቂጥ ላይ ስፍቀው ቀይ መስመር ተወ፤ ተራ የብረት ማዕድን ነው። ነገርኳቸው።

"ለእናቱ ወርቅ ነው በላት፣ አቦ" አሉኝ በጆሮዬ።

አልኳቸው።

"ወላሂ፣ ልጄ ሞኝ አልነበረም!" ብለው እናቱ በነጠላቸው ጠቀለሉት።

በዲግሪዬ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ነው። ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እናቴን ሳሚልኝ፣ ይህን ግን እንዳታነቢላት።

አምሳሉ