ወግ አጥባቂው ዳኛ ያለ ፍራሽ ስለሚወድቁበት ሐሙስ

ለተከታታይ ድራማዎች የፖለቲካ ሚዛን ጠባቂ ኮሚቴ የተከበሩ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። በተለይም የጎድን አጥንቶችዎ በቁጥር የተሟሉ፣ ሁለቱም ጆሮዎችዎ የሚሰሙ፣ የፊት ጥርሶችዎም በበቀሉበት ቦታ ያሉ እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከእነዚህ ጥቂት ጥቂት ጎድሎብኝ፣ የቀረኝን ይዤ ደህና ነኝ።

ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል፤ ፊቴን አይተውት አያውቁምና። ጀርባዬን ግን በየሳምንቱ ያዩታል። እሑድ እሑድ በሚተላለፈው የቤተሰብ ድራማ ላይ ጡረተኛው ዳኛ በጥፊ ተመትተው ሲወድቁ የሚወድቀው እኔ ነኝ። አማቻቸው፣ ማለትም የልጃቸው ባል፣ በወንበር ሲፈነከትም የሚፈነከተው እኔ ነኝ። ሁለቱ ዋና ተዋንያን ቁመታቸው አንድ፣ ትከሻቸውም ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ጣቢያው ለሁለቱም የሚወድቅ አንድ ሰው ይበቃል ብሎ ቀጠረኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ጆንያ ይሉኛል። ስሙን ያወጡልኝ በፍቅር ነው፤ የሚወረውሩኝ ግን በትእዛዝ ነው።

የዛሬው ልመናዬ አንዲት ነገር ናት፤ ሐሙስ ከሰገነት ላይ ስወድቅ ከሥሬ ፍራሽ እንዲነጠፍልኝ። ኮሚቴዎ ፍራሹን ያስነሳበትን ምክንያት ሕዝብ እንዲያውቀው፣ እኔም ምስጋናዬን በአደባባይ እንዳደርስ፣ ነገሩን ከመነሻው በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፤ ዳኛውን የፓርቲ አባል ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ደራሲው ሲፈጥራቸው ምንም ፓርቲ አልነበራቸውም። የግድግዳ ሰዓት የሚሞሉ፣ ጋዜጣቸውን አንብበው አራት እጥፍ አድርገው የሚያስቀምጡ፣ ሰው እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሲሰቅል “ድሮ ቀረ” የሚሉ ሽማግሌ ነበሩ። ኮሚቴዎ ግን አሥራ አንዱን ክፍሎች ደጋግሞ ከተመለከተ በኋላ፣ እኒህ ሰው የወግ አጥባቂው ፓርቲ አባል ናቸው ብሎ ወሰነ፤ በማኅተም አስደግፎም ጻፈልን። ማስረጃው ሰዓቱ ነው። አማቹ ደግሞ ሰው ሲናገር ስለሚያቋርጥና ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋ ላይ ስለሚተኛ የለውጥ ፓርቲ ሰው ተባለ። ምግብ አብሳይዋ አቋሟን ስላልገለጸች እስካሁን በክትትል ላይ ናት። የግቢው ውሻ ሳይቀር በማያውቀው ሰው ላይ ስለሚጮኽ ወግ አጥባቂ ተብሎ ተመዝግቧል። ውሻው ውሳኔውን በጸጋ ተቀብሎታል፤ ይግባኝም አልጠየቀም።

ሁለተኛ፤ በአሥራ ሁለተኛው ክፍል አማቹ ዳኛውን በጥፊ አጮላቸው። ጠቡ የቤተሰብ ነበር፤ ዳኛው ለልጃቸው የተላከ ደብዳቤ ደብቀው አንብበው ነው። በማግስቱ ወግ አጥባቂው ፓርቲ፣ አባላችን በሕዝብ ፊት ተዋረደ ሲል ለኮሚቴዎ አቤት አለ። ኮሚቴዎም ጥፊ ይቅር አላለም፤ ሚዛን እንዲጠበቅ በሚቀጥለው ክፍል አማቹም ይመታ አለ። አማቹ ተመታ። የእሱ ፓርቲ በተራው፣ ይኼኛው ጥፊ በድምፅ ይበልጣል ብሎ ከሰሰ፤ ዳኛው በቡጢ ተመቱ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከቡጢ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ጠርሙስ፣ ከጠርሙስ ወደ ደረጃ አደገ። በሃያኛው ክፍል የዳኛው ራስ ከበሩ መቃን ጋር ሲጋጭ ግራ ጆሮዬ ደም አፈሰሰ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በኩል የሚነግሩኝን አልሰማም። በሃያ ሁለተኛው የአማቹ አገጭ በእርግጫ ተመትቶ ሁለት ጥርሶቼ ምንጣፉ ላይ ተገኙ። ጥርሶቹ የየትኛው ፓርቲ ጉዳት ተብለው እንደሚያዙ ለመወሰን ኮሚቴው ግማሽ ቀን መፍጀቱን ስሰማ ክብር ተሰምቶኛል።

ሁለቱ ፓርቲዎች ግን አንድም ቀን አልተመቱም። ዋናዎቹ ተዋንያንም ቢሆኑ ቀይ ቀለም ተቀብተው ወለል ላይ ይጋደማሉ እንጂ ጫፋቸውን የነካ የለም። ይህን የምለው በቅናት አይደለም፤ በንዴት ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ቆጣሪው። ኮሚቴዎ የመደበልን ሠራተኛ ካሜራው አጠገብ ወንበር ይዞ እያንዳንዱን ምት ይመዘግባል። ጨዋ ሰው ነው፤ አፍንጫዬ ሲደማ መሐረቡን ይሰጠኛል። ሆኖም የሚቆጥረው በቴሌቪዥን የሚታየውን ብቻ ነው። ስለዚህ መብራቱ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልገባም፣ የሰው ጥላ ታየ እየተባለ ዘጠኝ ጊዜ የተደገመች አንዲት ቡጢ፣ በእርስዎ መዝገብ አንድ ሆና በእኔ ሆድ ላይ ግን ዘጠኝ ናት። አናጺያችን ቀድሞ የወንበሮቹን እግር በመጋዝ እየሸረከተ ጀርባዬ ላይ በቀላሉ እንዲሰበሩ ያደርግልኝ ነበር። ቆጣሪው ይህን አይቶ የተሸረከተ ወንበር የምቱን ክብደት ያዛባል ብሎ ሪፖርት አደረገ። ከዚያ ወዲህ ወንበሮቹ አይሰበሩም። አናጺው በየጠዋቱ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

አራተኛ፤ ወደ ፍራሹ ልምጣ። በሃያ ስድስተኛው ክፍል አማቹ ከደረጃ ሲወድቅ ከሥሩ ፍራሽ ነበር፤ ተነስቼ ልብሴን አራግፌ ሄድኩ። በሃያ ሰባተኛው ዳኛው በተራቸው ሲወድቁ ግን፣ ጣሪያው አፍስሶ ፍራሹ ርሶ ስለነበር ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዋለ። እኔም ባዶ ሲሚንቶ ላይ ወድቄ ሦስት የጎድን አጥንቶቼ ተሰበሩ፤ ጩኸቴም እንዳለ ተላለፈ። ወግ አጥባቂው ፓርቲ፣ የእኛ ሰው እንዲህ ሲጮኽ የእነሱ ሰው ያለ ሕመም ወድቋል፣ ይህ አድልዎ ነው ሲል አመለከተ። ይህን ስሰማ ደረቴ በፋሻ ታስሮ ተኝቼ ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ ፓርቲውን መረቅሁት፤ ፍራሹን ለሁለቱም ያደርጉልናል ብዬ ነዋ! ኮሚቴዎ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ተሰብስቦ ፍራሹ ለሁለቱም እንዲከለከል ወሰነ። የውሳኔው ቃል “በአወዳደቅ መካከል ልዩነት የሚፈጥር ማንኛውም ለስላሳ ነገር እንዳይነጠፍ” ይላል። ይህን የጻፈው ሰው የተቀመጠበት ወንበር ስፖንጅ እንደነበረው አልጠራጠርም።

አምስተኛ፤ የሐሙሱ። ማንም ፓርቲ እንዳይከፋው ዳኛውና አማቻቸው ተናንቀው ከሰገነት አብረው እንዲወድቁ ታዟል። እኔ ከራሴ ጋር መተናነቅ ስለማልችል፣ አንዴ ዳኛውን አንዴ አማቹን ሆኜ ሁለት ጊዜ እወድቃለሁ፤ ምስሉን የሚያቀናብረው ባለሙያ በኋላ ያገናኘናል። ቁመቱን ለክቼዋለሁ፤ አራት ሜትር ተኩል ነው። ከታች ያለው ሣር፣ ሲሚንቶ ላይ የተቀባ አረንጓዴ ቀለም ነው።

ለምን እምቢ አትልም ይሉኝ ይሆናል። ብያለሁ። አዘጋጁም እኔ ካልወደቅሁ በቁመትና በትከሻ የሚመስለኝን የባለቤቴን ወንድም እንደሚያስጠራ ነገረኝ። የባለቤቴ ወንድም ቤት ቀቢ ነው፤ አራት ልጆች አሉት፤ ዕድሜ ልኩን የተማረው ከመሰላል አለመውደቅን ነው። እኔ ቢያንስ አገጬን ደረቴ ላይ ቀብሬ በትከሻዬ መንከባለል እችላለሁ። ባለቤቴ በዚያው ጣቢያ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ወሬውን ቀድማ ሰምታ ነበር። ቤት ስገባ ከባልሽና ከወንድምሽ አንዱን ምረጪ ያልኳት እንዳይመስላት ቀና ብዬ ፊቷን አላየሁም። ፈርቻለሁ፤ ይህን በጽሑፍ ማመኔ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ፍራሹ እንዲመለስልኝ ነው። ፍራሹ ፓርቲ የለውም፤ ማንም ቢወድቅበት አይመርጥም። አይሆንም ካሉ ደግሞ ሚዛኑ የተሟላ እንዲሆን፣ ከሁለቱም ፓርቲዎች አንዳንድ ተወካይ፣ ከኮሚቴውም እርስዎ ራስዎ፣ ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ሰገነቱ ላይ ተገኝታችሁ አብረን እንድንወርድ በክብር እጋብዛለሁ። ደረጃው በስተቀኝ ነው፤ የሚያስፈልገንም ለመውጣት ብቻ ነው።

ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለአባላቱም ጠንካራ አጥንት እየተመኘሁ፣

በሁለቱም ፓርቲዎች ስም የተደበደብኩ፣ ለሁለቱም እኩል የደማሁ፣ የውሳኔዎችዎ ሁሉ ማረፊያ፣
ጆንያ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ ይህ ደብዳቤ ማክሰኞ ለኮሚቴው ደርሶ መልስ ስላላገኘ፣ በአደባባይ እንዲወጣ የሰጠሁት እኔ ሚስቱ ነኝ። ሐሙስ ያለ ፍራሽ ወደቀ። በመጀመሪያው ውድቀት አከርካሪው ስለተሰበረ ለሁለተኛው አልተነሳም፤ ከወገቡ በታች ብነካው አይሰማውም። የኮሚቴው ደብዳቤ ግን ቅዳሜ ሆስፒታል ድረስ መጣልን፤ ስለ ቅልጥፍናችሁ አመሰግናለሁ። የአማቹ ውድቀት ስላልተቀረጸ ወንድሜ ሰኞ እንዲቀርብ ያዛል። ወንድሜ አይመጣም፤ እኔም የሚለብሰውን አልሰፋም። ደብዳቤው ደግሞ ባለቤቴ የተሰበረው የወግ አጥባቂውን ሰው ልብስ ለብሶ ነው ወይስ የለውጡን፣ ጉዳቱ በአግባቡ እንዲመዘገብ በሁለት ቀን ውስጥ አሳውቂ ይላል። ሁለቱንም ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ደርቦ ይልበስ ስለተባለ፣ የአማቹን ሹራብ ከሥር፣ የዳኛውን ኮት ከላይ ያለበስኩት እኔው ነኝ። ሐኪሙ ሁለቱንም በመቀስ ቀዶ ጣላቸው። ከሥር ያገኘው ባሌን ነው፤ እሱ የየትኛውም ፓርቲ አይደለም፣ የእኔ ነው።