በየስምንት ሰከንዱ

ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለድንቢጥ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ከመኪናው ወንበር ጋር ታረቀ? የደብዳቤ ወጉ «እኔ ደህና ነኝ» ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ከአንድ ውሸት እንኳ ልቆጠብ ብዬ ዘልዬዋለሁ። ደብዳቤውን የምትሰጥህ እህትህ ናት፤ ምን እንደተጻፈበት አታውቅም። ያልደወልኩት ድምፅህን ስሰማ መልሼ እንደምዋሽ ስለማውቅ ነው። አንተ ጋዜጣ ከመጨረሻው ገጽ መጀመር ትወዳለህ፤ ይሄን ግን እባክህ ከላይ ጀምረህ አንብበው።

ልጃችን ታማለች።

የጀመራት ትምህርት ቤት ነው። አምና አንደኛ የወጣች ልጅ ዘንድሮ መቀነስ ጠፋባት። አስተማሪዋ ሰንፋለች አለችኝ፤ እኔም ተቆጣኋት። ቀጥሎ ብርጭቆ ከእጇ ይወድቅ ጀመር። አታለቅስም፣ አትደነግጥም፤ ጣቶቿን የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። ከዚያ ደግሞ አንገቷ ሰበር፣ ትከሻዋ ዝቅ ማለት አመጣ፤ አንድ ሰው ከኋላዋ የጠራት ነው የሚመስለው።

«ማን ጠራሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«እኔ እንጃ። ሁሌ ነው የሚጠራኝ» አለችኝ።

እሁድ ጠዋት ሰዓቴን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በየስምንት ሰከንዱ ነው። ስታወራም፣ ስትበላም፣ ጸጉሯን ስሠራትም አይቀድምም፣ አይዘገይም። የሚቆመው እንቅልፍ ሲወስዳት ብቻ ነው፤ እኔ ግን እሷ ተኝታም መቁጠሬን አልተውኩም። በምሠራበት ክትባት ክፍል ሕፃን አቅፌ መርፌ ስይዝ ሳላስበው እቆጥርና ስምንት ላይ እጄ ቀጥ ይላል። እናቶቹ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል።

ዶክተሩ ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ ለጥፎ የአንጎሏን መስመር በወረቀት አወጣው። መስመሮቹ ጸጥ ብለው ይሄዱና ድንገት ሁሉም አብረው ብድግ ይላሉ፤ ተመልሰው ጸጥ። ወረቀቱን ብዙ ካየ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ኩፍኝ ይዟት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። «ኧረ በጭራሽ፤ ተከትባለች» ብዬ ካርዷን አወጣሁለት። በዘጠነኛ ወሯ የኩፍኝ ክትባት ተሰጥቷታል፣ ከጎኑ የእኔው ፊርማ አለ። የሙያ ባልደረባው ነኝና አመነኝ። የሚጥል በሽታ ይሆናል ብሎ ኪኒን አዘዘ፤ አንድ ወር ሙሉ እሱን አስዋጥኳት። እሷ ግን መንገድ ላይ መውደቅ ጀመረች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ለሰው ስመክር የኖርኩት እኔ ነኝ። ዶክተሩ ምክንያቱ አልታወቀኝምና የራስ ቅሏን ከፍተን ናሙና እንውሰድ ባለኝ ቀን ነው አፌ የተከፈተው። ለእሱ የነገርኩትን ላንተም እነግርሃለሁ።

ሰባት ወሯ ነበር። አንተ ሲሚንቶ ጭነህ ሃያ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ነበርክ። «ልጄን በሽተኛ መሀል እንዳታስገቢ» ብለኸኝ ወጣህ፤ እሺ አልኩህ። ሞግዚቷ ሳትመጣ ስትቀር ጊዜ ግን ይዣት ሥራ ገባሁና ክፍሉ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ አስተኛኋት። አንዲት እናት ዓይኑ የቀላ፣ የሚያስል ልጅ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ለሰው ልጆች መርፌ እየሞላሁ ዞር ብዬም አላየሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን የእኛዋን አተኮሳት፤ ሳል፣ የቀላ ዓይን፣ ከዚያ ከጆሮዋ ኋላ ጀምሮ እስከ እግሯ የወረደ ሽፍታ። ስትደውል «ጥርስ እያበቀለች ነው» አልኩህ። በሳምንት ከስሞ ቆዳዋ ተላጠ። መጥተህ ስታየው «ሙቀት ነው» አልኩህና ቅባት ገዝተህ ቀባሃት።

ኩፍኙ ግን ከሰውነቷ አልወጣም ነበር። ከብዙ ሺህ ልጆች በአንዱ ቫይረሱ አንጎል ውስጥ ይቀራል አለኝ ዶክተሩ፤ ለዓመታት ትንፍሽ አይልም፣ ከዚያ ይነሳል። ይሄን ሁሉ ዓመት የልደት ሻማ ስታጠፋ፣ ትከሻህ ላይ ስትጋልብ፣ አብሮን ቤት ውስጥ ነበር። ከጀርባዋ የቀዱት ፈሳሽ ውጤት ማክሰኞ መጣ፤ እሱው ነው። ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ የሚያድነው መድኃኒትም የለም። መንቀጥቀጡን የሚያስታግስ ኪኒን ጀምረናል፤ ምናልባት ጥቂት ያዘገየው ይሆናል የተባለ መርፌም አለ። ብዙዎቹ አንድ ዓመት ይቆያሉ፣ አንዳንዶቹ ሦስት፤ ማወቅና መናገሩ ግን ቀድሞ ይሄዳል። ያባከንኩት ወር ይጠቅማት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ወረቀቶቹን አስተካከለ።

ሌላም አለ። የምደብቅህ ነገር እንዳለ ሸትቶህ ነበር። ወንድ መሰለህ። እኔም ይሄን ከምናገር ያንን ብትጠረጥር ይሻለኛል ብዬ ዝም አልኩና ጥለኸኝ ወጣህ። ወንድ አልነበረም፤ ይሄው ነበር።

አሁን ከፊቴ ተቀምጣ ቤት እየሳለች ነው። እርሳሷ በየስምንት ሰከንዱ ይዘልላል፤ ጣሪያው ሁሉ ተሰነጣጥቋል። ትናንት ውሃ ስትለምነኝ «እማ» የሚለው ጠፋባትና «ሴትዮ» አለችኝ። አንተን ገና አልረሳችህም፤ በመንገዱ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ብላ «አባዬ ነው» ትላለች። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ለእሱ ጊዜ ይኖረናል።

ፈጣሪ ካለህበት በሰላም ያምጣህ፣ ከመንገድ ክፉ ይሰውርህ። አብረን በኖርንባቸው ዓመታት ለጉዞ በተነሳህ ቁጥር በር ላይ ቆሜ «ቀስ ብለህ ንዳ» እልህ ነበር። ዛሬ አልልህም።

የድንቢጥ እናት