እጅን የሚያዘው አንጎል፦ የዶክተር ፈንታሁን አግማስ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ፈንታሁን አግማስ ከአባታቸው ከመምህር አግማስ ውቤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ማርያም ይመር፣ በወረባቦ ወረዳ ቢስቲማ ከተማ ታኅሣሥ 12 ቀን 1962 ዓ.ም. ተወለዱ። ማንበብና መጻፍ ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው። መምህር አግማስ በ1974 ዓ.ም. በሕመም ሲያርፉ እናታቸው እሳቸውንና ታናሽ እህታቸውን ወይዘሮ እንጉዳይን ይዘው ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ።

የወይዘሮ ወለተ ማርያም ሥራ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። እቤት ተቀምጠው ከጎረቤት ሲያወሩ እንኳ ጣቶቻቸው አያርፉም፤ ከነጠላቸው ጫፍ ክር እየመዘዙ ይቋጥሩ ነበር። ዶክተር ፈንታሁን ያን ጊዜ ደሴ ሁለተኛ ደረጃ እየተማሩ ዓርብ ዓርብ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱ ተማሪ ነበሩ። እናታቸውን ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲቋጥሩ ይለምኗቸዋል፤ እናትም ይቋጥራሉ። እንዴት እንደሚችሉበት ሲጠይቋቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «እኔ ምን አውቄ! እጄን ጠይቀው።»

በ1981 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕክምና ተማሩ። በ1988 ዓ.ም. ተመርቀው ደሴ ተመደቡ።

በጥቅምት ወር 1990 ዓ.ም. እናታቸውን ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዶክተር ፈንታሁን በየዓመቱ ለተማሪዎቻቸው በግልጽ ይናገሩት ስለነበር እዚህ መሸሸግ ተገቢ አይደለም። በእኛ ቤት የታመመች እናት እጇን ወደ መሶብ አትዘረጋም፤ ልጆቿ ያጎርሷታል። ሁለቱ ልጆች ተራ ገብተው አጎረሷቸው፤ ኩባያውን ያዙላቸው፤ ነጠላቸውን አጣፉላቸው። «እማዬን እጇን አታድክሟት» ብለው ያዘዙት ሐኪሙ ልጃቸው ነበሩ። በመጀመሪያው ወር የወይዘሮ ወለተ ማርያም አውራ ጣት ይንቀሳቀስ ነበር። እጃቸውን ለማንሳት ሲሞክሩ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ይሯሯጣል፦ «ተይ እማዬ! እኛ እያለን?» በስድስተኛው ወር መሞከር ተዉ። በቀሪዎቹ ዓመታት ያ እጅ ከነጠላቸው ሥር አልወጣም።

ዶክተር ፈንታሁን በ1991 ዓ.ም. የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ጀርመን ሄዱ። የመረጡት የትምህርት መስክ አንጎል የሰውነትን እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚያዝ ማጥናት ነው። ታማሚው በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ተኝቶ አውራ ጣቱን እንዲያንቀሳቅስ ይነገረዋል፤ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ብዙ ደም ስለሚስብ መሣሪያው ለይቶ ያሳያል። ዶክተር ፈንታሁን የመዘገቡት ጣታቸው ፈጽሞ የማይነቃነቅ ሰዎችን ነበር። ጣቱ ባይነቃነቅም ሰውየው «ላንቀሳቅስ» ብሎ ሲያስብ የአንጎሉ ክፍል በመጠኑ ይነቃል። ትእዛዙ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ይቀራል። እጁ ለብዙ ወራት ሥራ ከፈታ ግን ትእዛዙም እየደከመ ይሄዳል፤ አንጎል የእጁን ስፍራ ለሌላ ሥራ ያውለዋል።

ይህን ውጤት በ2000 ዓ.ም. ሲያዩ እናታቸው ካረፉ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ለእህታቸው የላኩት ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «እንጉዳይ፣ የእማዬን እጅ የወሰደው ስትሮኩ ብቻ አይደለም። እኛም ወስደነዋል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶክተር ፈንታሁን ከማንም እጅ ጎርሰው አያውቁም። በሠርግም፣ በክርስትናም ጉርሻ ሲዘረጋላቸው አመስግነው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ዘመድ «ፈረንጅ ሆነ» ብሎ ተቀየማቸው። ምክንያቱን ለመናገር ግን ብዙ ዓመት ፈጀባቸው።

በ1995 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰብለ ታደገ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጅ፣ ሐመልማልን ወልደዋል። ትዳሩ አልዘለቀም፤ ወዳጅነታቸው ዘልቋል።

በ2004 ዓ.ም. ወደ ደሴ ተመልሰው በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በሆጤ ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተውም ከስትሮክ ለተረፉ ሰዎች የእጅ ልምምድ ማድረጊያ ከፈቱ። ለምርምራቸው የሚሆን የኤምአርአይ መሣሪያ በአቅራቢያቸው አልነበረም። ስለዚያ መሣሪያ የሚያወሩት ርቆ እንደ ሄደ ወንድም ነበር፤ «ናፈቀኝ» ይሉ ነበር፤ ቀልዳቸውን አልነበረም። በመሣሪያው ፈንታ የስልክ ካሜራና የእጅ ሰዓት ይዘው የታማሚዎቻቸውን ጣት አንድ በአንድ መዘገቡ። በልምምድ ቤቱ በር ላይ የለጠፉት ጽሑፍ «አታጉርሱ» ይላል። የታማሚ ቤተሰቦች ተቆጥተው ሲወጡ አይተናል፤ አብዛኞቹ ተመልሰው መጥተዋል።

ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዶክተር ፈንታሁንን ራሳቸውን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ሰነፈ። ሆጤ እህታቸው ቤት ተኝተው የመጀመሪያ ትእዛዛቸውን የሰጡት ለወይዘሮ እንጉዳይ ልጅ ለነፃነት ነው፤ ይህን ታሪክ የጻፈችው እሷ ናት። «እናትሽ ታዝንልኛለች፤ አልፈልጋትም» አሏት። «አንቺ ትዕግሥት የለሽም፤ ግን ስታለቅሺ አይቼሽ አላውቅም። በሩ ላይ ቁሚልኝ።» ሥራዋ ደህናውን ግራ እጃቸውን በወፍራም ካልሲ ማሰር፣ ምግቡን በቀኝ በኩል ማስቀመጥና ሊያጎርስ የመጣውን ሁሉ መመለስ ነበር።

ያልተመለሱት ጎረቤታችን ወይዘሮ ሸሪፋ ሰይድ ናቸው። ገንፎ ይዘው በየሳምንቱ ይመጣሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ልብሽ ከምንድን ነው የተሠራው? ሰው ታሞ በባዶ አፉ ይከርማል? ወላሂ ሐራም ነው!»

ዶክተር ፈንታሁን ከአልጋቸው ሆነው ይስቃሉ። «እት ሸሪፋ፣ አንዴ ካጎረሱኝ ይሄ እጅ ሥራ ይለቃል።»

«አሁንስ መች ገባና ነው የሚለቀው? ሦስት ወር ሙሉ ፈቃድ ላይ ነው!»

ገንፎውን ግን አስቀምጠው፣ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። አንድ ምሳ ለመብላት ከአርባ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ምግቡ ደረት ላይ ይወድቃል፤ አንሶላ ላይ ይወድቃል። ነፃነት እጇን ከጉልበቷ ሥር አድርጋ ትቀመጥ ነበር፤ ካልያዘችው እንደሚዘረጋ ስለምታውቅ። በነሐሴ እጃቸው እስከ አገጫቸው ደረሰ። መስከረም 11 ቀን 2017 ዓ.ም. አንድ ሙሉ ጉርሻ በራሳቸው ቀኝ እጅ አፋቸው ገባ። ወይዘሮ ሸሪፋ «ያረቢ!» ብለው እልል አሉ። ዶክተር ፈንታሁን አኝከው ሳይጨርሱ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የፈጀውን ደቂቃ አስመዘገቡ።

ጥቅምት 3 ቀን ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። የመረመሯቸው ሐኪም ቀድሞ ተማሪያቸው ነበሩ፤ እጁ ከእንግዲህ እንደማይመለስ በቀጥታ ነገሯቸው። ዶክተር ፈንታሁን ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉ። ቃል ማውጣት ይቸግራቸው ስለነበር ብዙ ጊዜ ወስደው «ሸሪፋን» አሉ።

ወይዘሮ ሸሪፋ በቀጭኑ የተሠራ ገንፎ ይዘው መጡ፤ እንደ ልማዳቸውም ከበሩ ላይ ቆመው ነፃነትን አዩ። ነፃነት ከበሩ ገለል አለች። ወይዘሮ ሸሪፋ እጃቸውን ታጥበው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ በጣታቸው ጫፍ ትንሽ አንስተው አጎረሷቸው። ዶክተር ፈንታሁን ቀስ ብለው ዋጡና አፋቸውን ደግመው ከፈቱ። ሦስት ጊዜ ጎረሱ። ከዚያ ያሉት ቃል ግልጽ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁላችንም ሰምተነዋል፦ «ናፍቆኝ ነበር።»

በልምምድ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ አይነሳም። ስለዚያ ቀን የሚጠይቅ ተማሪ ካለ መልሱ አጭር ነው፤ ዶክተር ፈንታሁን እጃቸው ተስፋ እስካለው ድረስ አልጎረሱም። ተስፋው ሲያልቅ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የተዉትን ነገር ጠየቁ። ምን ያህል እንደ ከበዳቸው እኛ ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

ዶክተር ፈንታሁን አግማስ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ልጃቸው ሐመልማል፣ እህታቸው ወይዘሮ እንጉዳይ፣ የእህታቸው ልጅ ነፃነት፣ እንዲሁም ዛሬ ከመካከላችን በገዛ እጃቸው ጧፍ ይዘው የቆሙ ታማሚዎቻቸው በሕይወት አሉ። የሆጤው ልምምድ ቤት ከሠልስት በኋላ ይከፈታል፤ ቀጠሮ ያላችሁ እንዳትቀሩ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን፣ ሲናፈቅ ቆይቶ እንደ መጣ ሰው፣ ደጅ ወጥቶ ይቀበልልን። አሜን።