ከጋራዡ ያልወጡት ሽማግሌ

ውድ ጋሽ ዘካሪያስ፣

«ውድ» ያልኩት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ጠልቼዎታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ፈገግ እያልኩ ሰላም ስልዎት ከርሜያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብኝ።

መስከረም ላይ በሽማግሌነት ቤቴ የጠራሁዎት ሙላቱን እንዲመልሱልኝ ነበር። ባሌ ቀኑን ሙሉ ከሲታክ ኤርፖርት በታክሲ መንገደኛ ሲያመላልስ ይውልና፣ ዴ ሞይን ያለው ቤታችን እንደገባ የመኪና ማቆሚያው ጋራዥ ውስጥ ከትንንሽ ባቡሮቹ ጋር ይዘጋል። ያውም የእንግሊዝ ባቡር፤ አገሩን በእግሩ ረግጦት ሳያውቅ። የድሮ የናፍጣ ባቡሮች አምሳያ ናቸው፤ አረንጓዴ፣ አፍንጫቸው ቢጫ፣ ከክንዴ የማይረዝሙ። አንድ ቅዳሜ ይበቃኛል አሉኝ፤ አመንኩዎት።

እርስዎ ገብተው ሲያነጋግሩት እኔ ሳሎን ሆኜ እጸልይ ነበር። ሲወጡ ጣትዎ ላይ ሙጫ ነበር። «እህት ሄዋን፣ ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ እኮ የፊቱን ሐዲድ ያያል፤ እንደዛ አድርገው ነው የሠሯቸው» አሉኝ። ስለ ትዳሬስ ምን ተባባላችሁ ብዬ ብጠይቅዎት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እናነሳዋለን አሉ። ስንት ቅዳሜ አለፈ፤ አላነሱትም። ጭራሽ የራስዎን ባቡር አዝዘው በካርቶን ይዘው መጡ።

ይህንንም እችለው ነበር። ግን ሙላቱ ድሮ ከሥራ ሲመለስ የመንገደኞቹን አነጋገር እያስመሰለ ያስቀኝ ነበር። ካቆመ ቆይቷል፤ ደክሞት ነው እያልኩ ለራሴ ስዋሽ ኖርኩ። ባለፈው ቅዳሜ ምሳችሁን ይዤ በሩን ስከፍት፣ ሻንጣዋ የጠፋባትን አንዲት ሴትዮ እያስመሰለ ያወራልዎታል፤ እርስዎ እንባዎ እስኪፈስ ይስቃሉ። ስታዩኝ አቆማችሁ። እሱ ወደ ባቡሮቹ ዞረ። እርስዎ ግን፣ «ሄዋንዬ፣ በሩን ክሎዝ አድርጊው፤ አቧራ ይገባባቸዋል» አሉኝ።

ዘጋሁት። ምሳውን ኩሽና አስቀምጬ ልብሴን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ካፒቶል ሂል ሰፈር፣ ከምሠራበት ምግብ ቤት አጠገብ፣ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት ወጥቻለሁ። ሙላቱ ጋራዥ ውስጥ ስለሚሆን እስካሁን አላወቀም ይሆናል፤ እርስዎ ይንገሩት። ሽማግሌ ብዬ ጠርቼዎት አይደል፤ አንዴ እንኳ ሥራዎን ይሥሩ። በባቡሮቹ ተናድዳ ሄደች እንዳይሉት፤ ስትስቁ ሰምታ ነው ይበሉት። ታዲያ መጀመሪያ ባቡሩን ያጥፉት፤ እየዞረ ከነገሩት አይሰማዎትም።

ሰላምታዬ ለባለቤትዎ ብቻ ይድረስ።

ሄዋን