የጸሎት ቤቱን ነጭ ግድግዳ ስለጋረደው ቢሮዎ

ለተከበሩ የሳን ሄላሲዮ ወደብ አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለባለ ሁለት ፎቅ ቢሮዎ መልካም ጤንነት እመኛለሁ። ስሜ ፌርሚን ቹንጋ ነው፤ ለዓሣ አጥማጆች በረዶና ጨው እሸጣለሁ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እዚህ ስደርስ የነበሩት አራት ጎጆዎች ናቸው። ቢሮዎ በተመረቀበት ሰሞን ግን በማስታወሻ ደብተሬ የጻፍኩት «አርባ አንድ ጀልባ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ ሁለት ዳቦ ቤት» ይላል። ዛሬ የቀሩን አምስት ጀልባዎች ናቸው። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጀልባዎቻችን በወደቡ መግቢያ ባሉት ሁለት ዐለቶች መካከል የሚገቡት የጸሎት ቤቱን ነጭ ግድግዳ አይተው እንደነበር ያውቃሉ። ሴቶቻችን በየዓመቱ በቅዱስ ጴጥሮስ ዋዜማ ኖራ የሚቀቡት ለጌጥ አልነበረም፤ በጉምም ቢሆን እንዲታይ ነበር። ቢሮዎ ከፊቱ ቆሞ ግድግዳውን ከባሕሩ ጨው ስለጠበቀልን እናመሰግናለን። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ የክብር ቦታ ብለን መሬቱን የሰጠንዎ እኛው ነን። ሁለተኛ ፎቅ እንዳለው ግን አልጠየቅንም።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓመት ሦስት ጀልባዎች ዐለቱ ላይ ተሰባብረው ሰባት ሰው ሲሞት የሐዘን መግለጫዎ ማኅተም ሳይጎድለው ደርሶናል። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ብዙዎቹ ቤተሰቦች ጀልባቸውን ሸጠው፣ መግለጫውን ይዘው ወደ ከተማ ሄደዋል።

ሦስተኛ፣ የኖራ ቀቢዎቹ አለቃ ዶኛ ኒኮላሳ ፓንታ ባልዲዋን ይዛ ቢሮዎ መጥታ ነበር። «ልጄ፣ በባሕሩ በኩል ያለውን ግድግዳችሁን በነጻ ልቀባላችሁ ነው እንጂ ልሰርቃችሁ አልመጣሁም» ብትል፣ ጸሐፊዎ «እማማ፣ የመንግሥት ሕንፃ አረንጓዴ ነው፤ ቅር ያለው ያመልክት» አላት። እሷም «ባሕሩማ አያመለክትም፤ ዝም ብሎ ይበላል» ብላ ተመለሰች።

ጸሐፊዎ ማመልከቻው የሁሉንም የጀልባ ባለቤቶች ፊርማ ይፈልጋል ስላለ፣ አምስቱም ከዚህ በታች ፈርመዋል። የምንለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቢሮዎ አንድ ግድግዳ ነጭ ይሁን። ኖራውም ጉልበቱም የእኛ ነው። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ጀልባ ከሌለ በረዶዬን የሚገዛኝ እንደሌለ አልደብቅም። ግን እነዚህ ሰዎች ነገም ወደ ባሕር ይወጣሉ፤ ሌላ የሚበሉት የላቸውም።

በቢሮዎ ጥላ ሥር የሚኖረው፣ ታዛዥዎ
ፌርሚን ቹንጋ

ማሳሰቢያ፦ ከተፈረመ በኋላ ጉም ወርዶ ስለነበር፣ ከአምስቱ ፈራሚዎች ሁለቱ ከባሕር አልተመለሱም። ማመልከቻው ጎደሎ ነው ተብሎ እንዳይመለስብን፣ በእነሱ ፈንታ ሚስቶቻቸው መፈረም ይችሉ እንደሆነ በትሕትና እንጠይቃለን።