ከሠርጉ በፊት ያየሁት ፊት

ውድ ጸጋው፣

ቅዳሜ ስትሸኘኝ «አሁን አትመልሺልኝ፤ ቤትሽ ገብተሽ አስቢበት» ብለኸኝ ነበር። ይኸው ደብረ ኤልያስ ገብቼ ሳስብ ሰነበትኩ። መቀመጥ አቅቶኛል። ዳሱን ሲሠሩ ላግዝ እወጣለሁ፣ ግማሹን ትቼ እገባለሁ። ስልክህ ስለማይነሳ ይህን በሚዜህ በውበቱ ልኬልሃለሁ።

መጀመሪያ ተናድጄብህ እንደነበር እወቅ። ብየዳ ቤትህ ውስጥ ነዳጁ ተቀጣጥሎ ከተቃጠልክ ጀምሮ ፊትህን አላሳየኸኝም። አዲስ አበባ ስትታከም ልምጣ ስልህ «ስድን እመጣለሁ» አልክ፤ በቪዲዮ ስደውል ካሜራውን ሸፈንክ። ድነህ ደብረ ማርቆስ ስትመለስ ደግሞ «ሙሽሮች ከሠርጉ በፊት አይተያዩም፤ ወግ ነው» አልከኝ። የምን ወግ? ስንት ቅዳሜ ገበያውን አብረን ዞረን፣ ካንድ ትሪ በልተን የለም እንዴ?

አክስቴ እቴናት ግን ደገፈችህ። «ልጁ ካለ ይሁን፤ ደንቡም ነው» አለች። የተቃወመችው እናቴ ናት። ለድግሱ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል፦

«እሁድ ያ ሁሉ ሰው የሚያየው እሱን ብቻ መሰለሽ? አንቺን ነው። ፊትሽ ትንሽ ከተለወጠ እሱም ያያል፤ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። የምትደነግጪ ከሆነ ሂጂና አሁን ደንግጪ።»

ሚኒባስ ውስጥ ፊቴን ሳለማምድ መጣሁ። እንዲህ ፈገግ እላለሁ፣ እንዲህ አቅፈዋለሁ እያልኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ «ምን ሆነሻል ልጄ?» እስኪሉኝ ድረስ።

በሩን ከፍተህ ሻርፑን ከፊትህ ስታወርድ ግን ያ ሁሉ ልምምድ ድራሹ ጠፋ። መሬት መሬት አየሁ።

«አየሽ?» አልክ። ድምፅህ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። መልሰህ ተሸፋፈንክ። እኔም «መኪና እንዳያመልጠኝ» ብዬ ወጣሁ።

ለምን እንደተመለስኩ አልጠየቅከኝም። መናኸሪያ ደርሼ ተሳፍሬ ነበር። መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ብቻህን ሻርፑን ስትፈታ ታየኝ። ሰው እየረገጥኩ ወረድኩ።

ግቢ ውስጥ ፊትህን ስትታጠብ አገኘሁህ። ልትሸፍነው እጅህን ስትዘረጋ ያዝኩህ። ያኔ አየሁህ፦ የተኮማተረ ጆሮህን፣ ያልበቀለ ቅንድብህን፣ እንደ ሰም የቀለጠ ጉንጭህን።

«ያማል?»

«ሲበርድ ብቻ።»

«ማርቆስ ደግሞ መቼ ሞቆ ያውቃል?»

ሳቅክ። ስትስቅ አፍህ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ይሄን አላውቀውም ነበር።

ከዚያ ስትሸኘኝ መንገድ ላይ «እሁድ እንዳልመጣ ከፈለግሽ ንገሪኝ፤ ሰው የሚለውን ለኔ ተዪው» አልከኝ። እኔም አፌን ስከፍት ከለከልከኝ።

አልዋሽህም፣ ፈርቻለሁ። አሁንም እፈራለሁ። ከተጋባንም በኋላ አንድ ጠዋት ስነቃ ዓይኔ ከፊትህ ይሸሽ ይሆናል። እንዲያ ሲሆን አትሸፈንብኝ። ትንሽ ታገሰኝ። አንተስ ብትሆን ያንን ፊት በመስታወት ማየት የለመድከው በአንድ ቀን ነው እንዴ? እኔ የምፈራው ሌላም አለ፦ አሳዝኛት አገባችኝ ብለህ እንዳታስብ። አዝኜልህ ቢሆን ኖሮማ መሬት መሬት ባየሁበት በዚያ ሰዓት ዋሽቼህ ፈገግ እል ነበር።

መልሴ ይኸውልህ። እሁድ ና። ወገኖቼ በር ይዘው «አናስገባም» ሲሉህ እኔ ጓዳ ተሸፍኜ አልጠብቅህም። አክስቴ ይህን ስነግራት አኩርፋኛለች፤ ታኩርፍ። ከነቀሚሴ በሩ ላይ እቆማለሁ። ከመኪናው ስትወርድ ሕዝቡን እንዳታይ፣ ቀጥ ብለህ ወደ እኔ እይ። እኔም አንተን እያየሁ ነው የምታገኘኝ።

እስከ እሁድ ዕረፍት የሌላት፣
እስከዳር